ሳንቲያጎ ራሞን ኢ ካሃል እና የተተከለ የነርቭ ሕዋስ ዕጣ

የፓርኪንሰን ሕመም በዋናነት የሚያጠቃው የአንጎል ክፍል ከጠቅላላው አንጎል ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጠባብ ነው። ይህ በመካከለኛው አንጎል የሚገኝና በጥቁር ቀለሙ ምክንያት በላቲኑ ሰብስታንሺያ ናይግራ ተብሎ የተሰየመ ስፍራ ዶፓሚን የሚያመነጩ የነርቭ ሕዋሳትን ይዟል። ሕዋሳቱ ቀስ በቀስ ሲሞቱ የሕመምተኛው እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ጡንቻው ይገተራል፣ እርምጃው ይዘገያል። የሞቱትን ሕዋሳት በሌሎች ሕያዋን ሕዋሳት የመተካቱ ሐሳብ ለሰሚው ቀላል ይመስላል፤ በተግባር ግን ከሚተከሉት ሕዋሳት አብዛኞቹ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይሞታሉ። በአይጦች ላይ በተደረጉ የፅንስ ሕዋስ ንቅለ ተከላዎች በሕይወት የሚተርፉት ዶፓሚን አመንጪ ሕዋሳት ብዙውን ጊዜ ከመቶ ከ5 እስከ 20 ብቻ መሆናቸው ተመዝግቧል። ሕዋሱ ለምን ይሞታል? የተረፈውስ ቅርንጫፉን ወደ ትክክለኛው ስፍራ እንዲዘረጋ የሚመራው ምንድን ነው? እነዚህን ጥያቄዎች በመሣሪያና በማስረጃ መመርመር ከጀመሩት ቀዳሚዎች አንዱ ዶፓሚን በአንጎል ውስጥ ያለው ሚና ከመታወቁ ከሃያ ዓመታት በላይ አስቀድመው የሞቱት ስፔናዊው ሐኪም ሳንቲያጎ ራሞን ኢ ካሃል ናቸው።

ካሃል የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1852 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ሜይ 1 ቀን፣ በሰሜን ስፔን በምትገኘው ፔቲያ ዴ አራጎን በተባለች የተራራ መንደር ነው። አባታቸው ዶን ሁስቶ ከድህነት ተነሥተው በራሳቸው ጥረት ወደ ሕክምና ሙያ የገቡ ብርቱ ሰው ሲሆኑ ልጃቸውም ያንኑ መንገድ እንዲከተል ቆርጠው ነበር። ልጁ ግን ሥዕል እንጂ ሌላ ነገር አይታያቸውም። ወረቀት ሲጠፋ ግድግዳ ላይ ይሥላሉ፤ ከትምህርት ቤት ይኮበልላሉ፤ በአሥራ አንድ ዓመታቸው ገደማ ከእንጨት በሠሩት መድፍ የጎረቤት አጥር በር ሰብረው ለጥቂት ቀናት ታስረዋል። አባት ሥዕልን እንደ ሥራ ፈትነት ስለቆጠሩት ልጃቸውን አንድ ጊዜ ለፀጉር አስተካካይ፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ለጫማ ሠሪ ሰጥተው ሙያ እንዲማሩ አደረጉ። አባትና ልጅን ያስታረቀው፣ በ1868 የበጋ ወራት ሁለቱ ከመቃብር ስፍራ አጥንት እየለቀሙ የሰውነትን አሠራር ማጥናታቸው ነው። አጥንትን ለማወቅ አጥንትን መሣል ያስፈልጋል፤ የተናቀው ተሰጥኦም በዚሁ ቦታውን አገኘ።

በ1873 ከሳራጎሳ በሕክምና ተመረቁ። ወዲያው ለውትድርና ተጠርተው በተከታዩ ዓመት በሐኪምነት ወደ ኩባ ተላኩ፤ በዚያም ረግረጋማ ስፍራ በሚገኝ የጦር ሆስፒታል ወባና ተቅማጥ ክፉኛ ስላደከሟቸው በ1875 ወደ አገራቸው ተመለሱ። ከውትድርና አገልግሎት በተረፈቻቸው ገንዘብ ማይክሮስኮፕ ገዙ። በ1877 የዶክትሬት ማዕረግ አገኙ፤ ብዙም ሳይቆይ የሳንባ ነቀርሳ ደም እስኪያስተፋቸው አሞአቸው ዳኑ፤ በ1879 ሲልቬሪያ ፋንያናስን አገቡ። በ1885 በቫሌንሲያ የአናቶሚ መምህር ሳሉ ኮሌራ ገባ። ስለ በሽታው ላደረጉት ጥናት የሳራጎሳ ክፍለ ግዛት አስተዳደር ዘመናዊ የሳይስ ማይክሮስኮፕ ሸለማቸው። ስጦታው በጊዜው ነበር፤ እስከዚያ ድረስ በድሮው መሣሪያ የሠሩት ካሃል በትልልቆቹ የአውሮፓ ቤተ ሙከራዎች ካሉ ባልደረቦቻቸው ጋር በመሣሪያ ረገድ የተካከሉት በዚህ ነው።

በዚያ ዘመን ስለ አንጎል የነበረው ገዢ አስተሳሰብ የነርቭ ሥርዓት አንድ ወጥ መረብ ነው የሚል ነበር። በዚህ አመለካከት መሠረት ክሮቹ እርስ በርሳቸው ተዋህደዋል፤ መጀመሪያና መጨረሻቸው አይለይም። ጣሊያናዊው ካሚሎ ጎልጂ በ1873 ይፋ ያደረጉት የማቅለሚያ ዘዴ ይህን ለመፈተን ያስችል ነበር። ዘዴው የአንጎልን ቁራጭ በፖታሲየም ዳይክሮሜት፣ ቀጥሎም በሲልቨር ናይትሬት ውስጥ በመዘፍዘፍ ከብዙ ሕዋሳት መካከል ጥቂቶቹን ብቻ ከነቅርንጫፎቻቸው ጥቁር አድርጎ ያወጣል። ሁሉንም ቢያቀልም ኖሮ የሚታየው ጭለማ ብቻ በሆነ ነበር። ነገር ግን ውጤቱ አንድ ጊዜ ይሳካል፣ ሌላ ጊዜ አይሳካም፤ ስለዚህም ብዙዎች ችላ ብለውት ኖሩ። ጎልጂ ራሳቸውም በገዛ ዘዴያቸው መረብ እንዳዩ ያምኑ ነበር።

ካሃል ዘዴውን በ1887 በማድሪድ በሐኪሙ ልዊስ ሲማሮ ዘንድ አዩትና ወደ ባርሴሎና ሲዛወሩ ሌት ተቀን ይሠሩበት ጀመር። ሁለት ማሻሻያዎችን አደረጉ። በመጀመሪያ የማቅለሙን ሂደት ደጋገሙት። ሁለተኛውና ይበልጥ ብልህነት የነበረበት ማሻሻያ የሚመረመረውን ነገር መለወጥ ነው፤ ያደገ ጫካ ውስጥ ዛፍን ከዛፍ ለመለየት ከመቸገር ገና በመብቀል ላይ ያለውን ችግኝ ማየት ይሻላል ብለው የአእዋፍንና የትንንሽ እንስሳትን ፅንስ መረጡ። በፅንስ አንጎል ውስጥ ክሮቹ አጫጭር ናቸው፤ ማቅለሚያውን የሚከለክለው የስብ ሽፋንም ገና አልለበሳቸውም። በሜይ 1888፣ በራሳቸው ገንዘብ በ60 ቅጂ ባሳተሙት መጽሔት፣ በአእዋፍ ንዑስ አንጎል ውስጥ እያንዳንዱ የነርቭ ሕዋስ ራሱን የቻለ አካል መሆኑንና ክሮቹም ሌላውን ሕዋስ ይጠጉታል እንጂ ከእርሱ ጋር እንደማይዋሐዱ አስታወቁ።

በስፔንኛ ቋንቋ የታተመን መጽሔት በጀርመን የሚያነብ አልነበረም። ስለዚህ በኦክቶበር 1889 ካሃል ማይክሮስኮፓቸውንና የመረጧቸውን ናሙናዎች ይዘው በገዛ ወጪያቸው በርሊን ወደተካሄደው የአናቶሚ ሊቃውንት ጉባኤ ሄዱ። ፈረንሳይኛቸው የተሰባበረ ስለነበር ንግግሩን ለናሙናዎቹ ተዉት። የዘመኑ ዋና ሊቅ አልበርት ፎን ኮሊከር በዓይናቸው አይተው አመኑ፤ ከዚያም በኋላ የካሃልን ጽሑፎች ለማንበብ ሲሉ ስፔንኛ እንደተማሩ ይነገራል። በ1891 ጀርመናዊው ቪልሄልም ቫልደየር ለዚህ ራሱን ለቻለ ሕዋስ ኒውሮን የሚለውን ስም ሰጡት።

ይህ ክርክር ለንቅለ ተከላ ያለው ትርጉም ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። አንጎል ወጥ መረብ ቢሆን ኖሮ ከመረቡ የሚቆረጥ ማንኛውም ነገር ቁራጭ እንጂ ሙሉ አካል አይሆንም ነበር፤ ሕዋስን ከአንድ አንጎል አውጥቶ በሌላ አንጎል ውስጥ መትከልም ትርጉም ባላገኘ። የሚተከል ነገር እንዲኖር አስቀድሞ ራሱን ችሎ የሚኖርና የሚሞት አሃድ መኖር አለበት። ካሃል ያቀረቡት ይህን አሃድ ነው።

በ1890 በዶሮ ፅንስ ሕብለ ሰረሰር ውስጥ በሚያድገው የነርቭ ክር ጫፍ ላይ ያበጠና ሾጣጣ ቅርጽ ያለው ነገር አገኙና የዕድገት ሾጣጣ ብለው ሰየሙት። የሚያዩት የሞተና የደረቀ ናሙና ነበር፤ እርሳቸው ግን በመሰናክሎች መካከል መንገዱን እየገፋ የሚሄድ ሕያው ነገር አድርገው ተረዱት። በ1907 አሜሪካዊው ሮስ ሃሪሰን የእንቁራሪት ፅንስ ሕብረ ሕዋስን ከአካል ውጭ በሕይወት አቆይተው የክሩን ጫፍ ሲንቀሳቀስ በማየታቸው ግምቱ ትክክል መሆኑ ታወቀ። ካሃል በ1892 ደግሞ ሬቲናን ሲያጠኑ አንድ እርምጃ ወደፊት ሄደው ነበር። የሚያድገው ክር አቅጣጫውን የሚያገኘው በዘፈቀደ ሳይሆን ሌሎች ሕዋሳት የሚያመነጩት ኬሚካዊ ንጥረ ነገር እየሳበው ሊሆን ይችላል የሚል ግምት አቀረቡ። ንጥረ ነገሩን ነጥሎ ለማውጣት የሚያስችል ኬሚስትሪ በእጃቸው አልነበረም፤ ሐሳቡን ግን እስከ ዕለተ ሞታቸው አልጣሉትም።

በዚያው ዓመት ወደ ማድሪድ ተዛወሩ። ከ1897 እስከ 1904 ባሳተሙት ግዙፍ ሥራ የነርቭን ሥርዓት ከሕብለ ሰረሰር እስከ ታላቁ አንጎል ቅርፊት ድረስ በየክፍሉ ገልጸዋል። ጥቁሩ አካልም በዚያ ውስጥ ተመዝግቧል፤ ነገር ግን የዚህ ስፍራ መጎዳት ከፓርኪንሰን ሕመም ጋር ያለውን ግንኙነት ኮንስታንቲን ትሬቲያኮፍ በፓሪስ ያስመዘገቡት ገና በ1919 ነው። ክብርም ተከተለ። በ1906 ካሃልና ጎልጂ የሕክምና የኖቤል ሽልማትን ተካፈሉ። በስቶክሆልም ጎልጂ በሽልማት ንግግራቸው ኒውሮን ራሱን የቻለ አሃድ ነው የሚለውን አስተምህሮ ነቀፉ፤ ካሃል ደግሞ በማግስቱ ያንኑ አስተምህሮ ከነማስረጃው አቀረቡ። በአንድ መድረክ የተሸለሙ ሁለት ሰዎች ስለ ተሸለሙበት ጉዳይ እንዲህ ፊት ለፊት ሲቃረኑ ማየት እንግዳ ነው። በዚያው ዘመን የትምህርት ሚኒስትርነት ሹመት ቀርቦላቸው አልተቀበሉም፤ የቤተ ሙከራ ኃላፊነታቸው ደመወዝም በዛ ብለው እንዲቀነስላቸው ጠይቀዋል።

የካሃል ስም ከንቅለ ተከላ ጋር በቀጥታ የሚገናኘው ከዚህ በኋላ ባለው የሥራ ዘመናቸው ነው። በ1903 የነርቭ ክሮችን በጥራት የሚያሳይ አዲስ የብር ማቅለሚያ ፈለሰፉ። በ1905 በዚህ ዘዴ የተቆረጡ ነርቮችን መመርመር ጀመሩ። በወቅቱ ጀርመናዊው አልብሬክት ቤተና ተከታዮቻቸው ከሕዋሱ የተለየው የነርቭ ቁራጭ ከራሱ ውስጥ አዲስ ክር ያበቅላል ይሉ ነበር፤ መረቡ በሌላ በር ተመልሶ መምጣቱ ነው። ካሃል አዲሶቹ ክሮች የሚበቅሉት ከሕዋሱ ጋር ከተያያዘው ጫፍ ብቻ መሆኑን፣ ጠባሳውን አቋርጠው ወደ ተቆረጠው ክፍል የሚዘልቁትም በዚያ ያሉት የሽፋን ሕዋሳት በሚያመነጩት ነገር እየተሳቡ እንደሆነ አስረዱ።

በእጅና በእግር ነርቮች የታየው ብቅለት በአንጎልና በሕብለ ሰረሰር ውስጥ አልቀጠለም። ይህ ያስገረማቸው ነገር ነበር፤ ምክንያቱም ጅማሬው በዚያም ነበረና። ከተቆረጠው ክር ጫፍ አዲስ ቅርንጫፍ ይወጣል፣ የዕድገት ሾጣጣም ይታያል፤ ከቀናት በኋላ ግን ዕድገቱ ይቆማል፣ ቅርንጫፉም ይጠወልጋል። እንግዲህ ጉድለቱ ያለው በሕዋሱ ነው ወይስ በአካባቢው?

መልሱን የፈለጉት ደቀ መዝሙራቸው ሆርሄ ፍራንሲስኮ ቴዮ ናቸው። ቴዮ በ1911 ይፋ ባደረጉት ሙከራ ከጥንቸል እግር የተወሰደ የነርቭ ቁራጭ በጥንቸል አንጎል ቅርፊት ውስጥ ተከሉ። የአንጎሉ ክሮች፣ በራሳቸው አካባቢ ማደግ ያቃታቸው እነዚያው ክሮች፣ ወደ ተተከለው ነርቭ አቅጣጫቸውን ለውጠው ገቡበት። ካሃል ከዚህ የደረሱበት መደምደሚያ የአንጎል ሕዋስ የማደግ ኃይል አልተነፈገም የሚል ነው፤ የጎደለው በዙሪያው ያለ የሚስብና የሚያነቃቃ ንጥረ ነገር ነው።

የተተከሉ ሕዋሳት በሕይወት የመትረፍ ጉዳይም በዚያው ዘመን ተነሥቶ ነበር። በፓሪስ ዣን ናዦት ከሕብለ ሰረሰር ግራና ቀኝ የሚገኙትን የስሜት ነርቭ ቋጠሮዎች ቆርጠው በጥንቸል ጆሮ ቆዳ ሥር በመትከል መረመሩ። በቋጠሮው መካከል ያሉት ሕዋሳት ሞቱ፤ በዳር ያሉት፣ የተከላውን ሰውነት ፈሳሽ በቅርብ የሚያገኙት፣ ጥቂቶቹ ተረፉ። የተረፉትም ዝም ብለው አልተቀመጡም፤ አዳዲስ ቅርንጫፎችን አበቀሉ። ካሃልም በራሳቸው ቤተ ሙከራ የተተከሉ ቋጠሮዎችን መርምረዋል። በዛሬው የንቅለ ተከላ ጥናት ቋንቋ ሲገለጽ፣ ሕዋሱን መጀመሪያ የሚገድለው የምግብና የኦክስጅን እጦት ነው፤ ቀጥሎ ደግሞ ክሮቹ መቆረጣቸውና ከለመዳቸው ጎረቤቶች መነጠሉ። በዳርና በመካከል ባሉት ሕዋሳት ዕጣ መካከል የታየው ልዩነት የመጀመሪያውን ምክንያት ያለ ምንም ኬሚካዊ መለኪያ ፊት ለፊት አሳይቶ ነበር።

ካሃል ይህን ሁሉ በ1913 እና በ1914 በሁለት ቅጽ ባሳተሙት የነርቭ ሥርዓት መበስበስና ዳግም መብቀል በሚለው ሥራቸው ሰበሰቡት። የኅትመቱን ወጪ የሸፈኑት በአርጀንቲና የሚኖሩ ስፔናውያን ሐኪሞች ናቸው። መጽሐፉ በወጣ በወራት ውስጥ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ፈነዳና አንባቢ አጣ፤ ወደ እንግሊዝኛ የተተረጎመው በ1928 ነው። በዚህ መጽሐፍ ካሃል ባደገ አንጎል ውስጥ የተበላሸው የነርቭ መንገድ በራሱ እንደማይታደስ በግልጽ አስፍረዋል። ይሁን እንጂ በዚያው አንቀጽ፣ ይህን ብርቱ ፍርድ መለወጥ ይቻል እንደሆነ የሚፈትነው የመጪው ዘመን ሳይንስ ነው በማለት ጉዳዩን ክፍት ትተውታል። የኋላው ትውልድ የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ይዞ ሄደ። ለረጅም ጊዜ በሕክምና ትምህርት ቤቶች የካሃል ስም የተጠቀሰው አንጎል አይታደስም ለሚለው ፍርድ ምስክር ሆኖ ነው፤ የቴዮ ሙከራም በመደርደሪያ ላይ አቧራ ጠጣ። ሁለቱን ቅጾች ገልጦ ለሚያነብ ግን ደራሲው በአብዛኛው ገጽ የሚያሳዩት ሕዋሱ ለማደግ የሚያደርገውን ትግል ነው።

በ1922 ከመምህርነት በጡረታ ተገለሉ፤ መሥራት ግን አላቆሙም። ባለቤታቸው ሲልቬሪያ በ1930 ዐረፉ። ካሃልም በኦክቶበር 17 ቀን 1934 በማድሪድ ከዚህ ዓለም ሲለዩ በመጨረሻ ከጻፏቸው ሥራዎች አንዱ፣ ከአርባ አምስት ዓመታት በኋላም ገና ያልበረደውን የመረብና የኒውሮን ክርክር የሚመለከት ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ የተቀሰቀሰው የእርስ በርስ ጦርነት የመሠረቱትን ትምህርት ቤት በተነው። ፒዮ ዴል ሪዮ ኦርቴጋ ወደ ስደት ሄዱ፤ ቴዮም ከጦርነቱ በኋላ ከሥልጣናቸውና ከመምህርነት ወንበራቸው ተነሡ።

ሥራው የቀጠለው በሌላ አገር ነው። ካሃል የገመቱት ንጥረ ነገር መኖሩ የተረጋገጠው በሪታ ሌቪ ሞንታልቺኒና በስታንሊ ኮኸን የነርቭ አሳዳጊ ፕሮቲን ግኝት ሲሆን ሁለቱም በ1986 የኖቤል ሽልማት አግኝተውበታል። በ1980 እና በ1981 በሞንትሪያል አልበርት አጓዮና ባልደረቦቻቸው የቴዮን ሐሳብ በአዲስ መከታተያ ዘዴ ደግመው ፈተኑት፤ የማዕከላዊው ነርቭ ሕዋሳት በተተከለ የእግር ነርቭ ውስጥ ረጅም ክር እንደሚዘረጉም ያለ ጥርጥር አሳዩ። በ1993 ዶፓሚን አመንጪ ሕዋሳትን በተለይ የሚደግፈው ጂዲኤንኤፍ የተባለው ፕሮቲን ተለይቶ ታወቀ። ይህ ፕሮቲን ከተተከሉ ሕዋሳት ጋር ሲሰጥ በአይጦች አንጎል ውስጥ የሚተርፉት ቁጥር ጨምሯል። የሕዋስን የራስ ማጥፊያ ኢንዛይሞች የሚገቱና ከኦክስጅን የሚመነጭ ጉዳትን የሚከላከሉ መድኃኒቶችም በ1990ዎቹ በተመሳሳይ መንገድ ተሞክረዋል።

በስዊድን ሉንድ የአንደርሽ ብየርክሉንድ ቡድን ከሙሉ የፅንስ አንጎል ቁራጭ ይልቅ ሕዋሳቱን በትኖ በፈሳሽ መልክ መርፌ የመውጋትን ዘዴ አበጀ፤ እያንዳንዱ ሕዋስ በዳር እንጂ በመካከል እንዳይቀር ማለት ነው። ከዚያው ቡድን ጋር የሠሩት የነርቭ ሐኪም ኦሌ ሊንድቫል በ1987 የመጀመሪያውን የሉንድ የሰው ፅንስ ሕዋስ ተከላ መሩ። ከሕዋሳቱ ብዙዎቹ ስለሚሞቱ ለአንድ ሕመምተኛ የበርካታ ፅንሶች ሕብረ ሕዋስ ያስፈልግ ነበር፤ ይህም ሕክምናውን በሥነ ምግባርም በአቅርቦትም አጥብቦታል። በዚህ ምክንያት ተመራማሪዎች ፊታቸውን በቤተ ሙከራ ወደሚባዙ ግንደ ሕዋሳት አዞሩ። በ2018 በኪዮቶ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ከተለወጠ የአዋቂ ሕዋስ የተዘጋጁ የዶፓሚን ሕዋስ ቀዳሚዎች በመጀመሪያው ሕመምተኛ አንጎል ውስጥ ተተከሉ። በ2025 በወጣው ውጤት ከሰባቱ ተካፋዮች በአንዱም ላይ ከባድ ጉዳት አልታየም፤ ለሕክምናው ውጤት ከተገመገሙት ስድስቱ መካከል አራቱ መድኃኒት ባልወሰዱበት ሰዓት የመንቀሳቀስ መሻሻል አሳዩ፤ በምስል ምርመራም በተከላው ስፍራ ዶፓሚን መመረቱ ተረጋገጠ።